ኤምጂቢን በቤት መጠገንና መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት መልሶች በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 የተሠራውን ኤምጂቢ የተባለ ስፖርት መኪና በራሳቸው ግቢ ለሚጠግኑ ባለቤቶች የተዘጋጁ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መኪናው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ መለዋወጫው አይጠፋም፤ አሠራሩም ቀላል በመሆኑ ለጀማሪ ከእርሱ የሚሻል አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አላውቅም። የአምራቹ መመሪያ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው፤ እኔ ግን ካንዴላ (እሳት የሚፈነጥቀው)፣ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ)፣ ቦቢና (የእሳቱን ኃይል የሚያሳድግ ጥቅል ሽቦ) እና ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያለያይ) እያልሁ ጋራዥ ውስጥ በምንጠራቸው ስሞች እጠቀማለሁ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ ይምጡ እንጂ ለአማርኛ ተናጋሪ መካኒክ አዲስ ከሚፈጠር ትርጉም ይልቅ ግልጽ ናቸው።

የያዝሁት ኤምጂቢ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ማወቅ ለምን ያስፈልገኛል?

ባለ አራት ሲሊንደሩና 1798 ሲሲው ሞተር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመሠረቱ አንድ ነው፤ በዙሪያው ያለው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ኮሎ (ፒስቶኒዎቹ የሚያዞሩት ዘንግ) በሦስት ዋና ብሮንዚናዎች (ዘንጉን በተሸከሙ ማረፊያዎች) ላይ ይዞር ነበር፤ ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ሆኑ። በ1965 ጣሪያው ብረት የሆነው ጂቲ መጣ። በ1967 መጨረሻ ማርክ ሁለት የሚባለው ሲወጣ ፖዚቲቭ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው የባትሪ ጫፍ) ወደ ኔጌቲቭ ማሳ ተቀየረ፣ ዲናሞው በኦልተርኔተር ተተካ፣ አንደኛ ማርሽም እንደ ሌሎቹ ያለ ጩኸት የሚገባ ሆነ። በ1974 ደግሞ ለአሜሪካ ሕግ ሲባል ጥቁሩ የጎማ ፓራውልት መጣ፤ መኪናው ከፍ ብሎ እንዲቆም ተደረገ፤ ከመቀመጫው ጀርባ የነበሩት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎችም በአንድ ባለ 12 ቮልት ተተኩ። ከ1975 ጀምሮ ለሰሜን አሜሪካ የተላኩት በሁለቱ የኤስዩ ካርቡራተሮች ፋንታ አንድ ዜኒት ስትሮምበርግ ብቻ ነው ያላቸው።

መለዋወጫ ከማዘዝዎ በፊት ግን ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አይመኑ። ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ መኪና ሞተሩ፣ ካምቢዮው ወይም የኋላ አክሰሉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ከኮፈኑ ሥር ያለውን በዓይንዎ ይዩ።

ምን ዓይነት መፍቻ ያስፈልገኛል?

የኢንች መፍቻ ነው። የጃፓን ወይም የጀርመን መኪና በሚፈታበት የሚሊ ሜትር መፍቻ ብዙው ቡሎን የሚፈታ ይመስላል፤ ጥቂት ልል ስለሚሆን ግን ራሱን አሽቶ ያከበዋል። 7/16፣ 1/2 እና 9/16 ካለዎት አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ከእነዚህ ሌላ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ ባለ 12 ቮልት መፈተሻ አምፖል፣ የግሪስ መርጫና ሁለት ጠንካራ መደገፊያ እግሮች ይያዙ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት በማንኛውም ምክንያት የተከለከለ ነው።

ለዓመታት ቆሞ የነበረ መኪና ገዛሁ። ወዲያው ቁልፉን ባዞር ምን ይጎዳል?

ዘይቱ ከሲሊንደሮቹ ግድግዳ ወርዶ አልቋል፤ የፒስቶኒው ቀለበትም ከግድግዳው ጋር በዝገት ተያይዞ ሊሆን ይችላል። አራቱን ካንዴላዎች አውጥተው በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ያፍስሱና አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ አራተኛ ማርሽ አስገብተው መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ በመግፋት ሞተሩ ሳይከብድ መዞሩን ያረጋግጡ። ከዚያ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይረው፣ ካንዴላዎቹ ገና እንደወጡ፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሣ ድረስ በሞተሪኖ ያዙሩት። አሮጌውን ቤንዚን ከሰልባትዮው ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፤ ሽታው እንደ ቀለም ማቅጠኛ ከሆነ ተበላሽቷል። የላስቲክ የቤንዚን ቱቦዎችን ሁሉ አጥፈው ይመርምሯቸው፤ ስንጥቅ ያለባቸው ሳይቀየሩ ሞተሩን አያስነሡ፤ የእሳት ማጥፊያም በአጠገብዎ ይኑር።

ፍሪሲዮኑን እየረገጡ ማርሽ አልገባ ካለ፣ ዘይቱ አልቆ ካልሆነ በስተቀር፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ በቆመበት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሞቆ ጥቂት ሲነዳ ይላቀቃል። ካልተላቀቀ ግን ሥራው ከባድ ነው፤ በዚህ መኪና ፍሪሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውጣት አለበትና።

ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ከየት ልጀምር?

የጎደለው የእሳት ብልጭታ ነው ወይስ ቤንዚን? ይህን ሳይለዩ አንድም ዕቃ አይግዙ። አንዱን ካንዴላ ፈትተው ሽቦው ላይ መልሰው ይሰኩት፣ አካሉን ቤንዚን ከሚሸትበት ራቅ አድርገው የሞተሩ ብረት ላይ ያስነኩትና አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልዎ። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካዩ ችግሩ ወደ ቤንዚኑ ይሄዳል፤ ምንም ከሌለ ወይም ቢጫና ደካማ ከሆነ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ይሂዱ።

በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ፑንቲናው መከፈትና መዘጋቱ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ፊቱ ከተቃጠለ ይቀየር፤ አዲሱም ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ነው። ብዙዎች የማያዩት አንድ ነገር አለ፦ ከውጭ ወደ ፑንቲናው የምትገባው አጭር ሽቦ ሞተሩ በተጫነና በቀለለ ቁጥር ፑንቲናውን ከተሸከመው ሳህን ጋር ስለምትወዛወዝ፣ ላስቲኳ ደህና መስሎ ሳለ ውስጧ ያለው መዳብ ይበጠሳል። መኪናው ቆሞ ሲፈተሽ ደህና ይሆንና ዳገት ላይ ይጠፋል። ሽቦዋን በሁለት ጣት ይዘው በቀስታ ይሳቧት፤ እንደ ማስቲካ ከተለጠጠች ተበጥሳለች።

በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረው ሮተርም ይጠርጠር። አዲስ መሆኑ ዋስትና አይደለም፤ በአሁኑ ጊዜ ከሚሸጡት ርካሾች መካከል እሳቱ በመሐላቸው ባለው የብረት ችንካር በኩል ወደ ዘንጉ የሚያመልጥባቸው አሉ። ደህና የነበረውን አሮጌ ሮተር አይጣሉት፤ በመኪናው ውስጥ መጠባበቂያ አድርገው ያስቀምጡት።

ቁልፉን ስከፍት ከኋላ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አለ። ብልሽት ነው?

አይደለም፤ ከቀኙ የኋላ ጎማ አጠገብ የተገጠመው የኤስዩ ኤሌክትሪክ የቤንዚን ፖምፓ ነው፤ መኪናው ስለ ጤንነቱ በየቀኑ የሚናገርበት አንደበትም ይኸው ነው። ካርቡራተሮቹ እስኪሞሉ በፍጥነት ይመታል፣ ሲሞሉም ዝም ይላል። ያለማቋረጥ ቢመታ ወይ ቤንዚን አልቋል፣ ወይ ከሰልባትዮው በሚመጣው መስመር አየር ይስባል፣ ወይ የአንዱ ካርቡራተር የመዝጊያ መርፌ ተጣብቆ ቤንዚኑ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው፤ የመጨረሻው እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ወዲያው ቁልፉን ይዝጉና ኮፈኑን ከፍተው ይዩ። ሞተሩ ሳይነሣ በየጥቂት ሰኮንዱ አንድ ጊዜ ቢመታ ደግሞ የሆነ ቦታ ቤንዚን ወደ ኋላ እየተመለሰ ወይም እየፈሰሰ ነው።

ጭራሽ ዝም ካለ በፖምፓው ውስጥ ያለው ፑንቲና ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በመፍቻ እጀታ አካሉን ቀስ አድርገው ሲመቱት ከተነሣ ጥርጣሬው ተረጋግጧል፤ ይህ ግን ቤት የሚያደርስ ብልሃት እንጂ ጥገና አይደለም። ከመቀየርዎ በፊት ነጩ ሽቦ ኤሌክትሪክ ማምጣቱን፣ ጥቁሩም ከመኪናው ብረት ጋር በደንብ መገናኘቱን በመፈተሻ አምፖል ይዩ።

የሉካስ ኤሌክትሪክ እንደሚቀለድበት መጥፎ ነው?

እንግሊዞቹ የመኪናውን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሠራውን ኩባንያ፣ ሉካስን፣ «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበታል። በእኔ አስተያየት ቀልዱ ከግማሽ በላይ ሐሰት ነው። ዕቃዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው፤ የሚበላሹት ሽቦዎቹ የሚገናኙባቸው ጥይት መሰል ማያያዣዎችና ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኙት የማሳ ነጥቦች ናቸው፤ እነዚህም እርጥበት በበዛበት የእንግሊዝ አየር ለሃምሳ ዓመታት ሲዝጉ የኖሩ ናቸው።

የራሴን ስሕተት ልንገርዎ። የ1972 ጂቲዬ ፍሬን በረገጥሁ ቁጥር የግራ ፍሬቻው መብለጭለጭ ያቆም ነበር። አንድ የመለዋወጫ መደብር ሄጄ ምልክቱን ስናገር ብልጭታውን የሚሰጠውን ሪሌ ሸጡልኝ፤ አልሠራም። ቀጥሎ የፍሬቻውን ማብሪያ ገዛሁ፤ እርሱም አልሠራም። በሦስተኛው ቅዳሜ የኋላ መብራቱን ሽፋን ስፈታ የጥቁሩ ሽቦ ማያያዣ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ አገኘሁት። የፍሬኑ መብራትና ፍሬቻው በአንድ ማሳ ስለሚጠቀሙ፣ መንገዱ በዝገት ሲጠብ የአንዱ ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል በኩል መውጫ ይፈልግ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ መልሼ ገጠምሁት፤ ሁሉም በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሁለቱ አዳዲስ ዕቃዎች እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። መብራቶች እርስ በርስ የሚረባበሹ ከሆነ፣ አንዱ ሲበራ ሌላው የሚፈዝ ከሆነ፣ ከምንም በፊት ማሳን ይጠርጥሩ።

የሽቦዎቹን ቀለም ማወቅ ሥራውን ግማሽ ያቀልለዋል። ቡናማው ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣና ቁልፉ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ ያለበት ነው። ነጩ ቁልፉ ሲከፈት ያለ ፊውዝ ይሠራል፤ አረንጓዴው ያው በፊውዝ ካለፈ በኋላ ነው። ሐምራዊው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ሆኖ በፊውዝ የሚያልፍ ሲሆን ጡሩምባውንና የመሳሰለውን ያሠራል። ሰማያዊው የፊት ትልልቅ መብራቶች፣ ቀዩ የትንንሾቹ፣ ጥቁሩ ማሳ ነው። በዋናው ቀለም ላይ የተሰመረ ሌላ ቀጭን ቀለም ካለ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል።

ስለ ፊውዝም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በእንግሊዝ የመስታወት ፊውዝ ላይ 35 አምፔር ተብሎ የተጻፈው የሚቃጠልበት ልክ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሸከመው 17 ብቻ ነው። በሌላ አገር አሠራር የተሠራ ባለ 35 ፊውዝ ያስገባ ሰው ፊውዙን ሳይሆን ሽቦውን ያቃጥላል።

ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፤ የማነቂያውም ገመድ ይሞቃል። ምን ይሁን?

የማነቂያው ገመድ መሞቁ ምርመራውን ጨርሶልዎታል። ሞተሩ በላስቲክ መያዣዎች ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው አንድ ወፍራም ማሳ አለው። ፍሪሲዮን ሲቀየር መልሶ መግጠም ተረስቶ ወይም ዝጎ ከሆነ፣ ሞተሪኖው የሚፈልገው ከባድ ኤሌክትሪክ ያገኘውን ብረት ሁሉ፣ የማነቂያውንና የቤንዚን መስጫውን ገመድ ጨምሮ፣ መመለሻ ያደርገዋል። ገመዱ እስኪጨስ ድረስ ደጋግመው አይሞክሩ። የሞተሩን ማሳ ይግጠሙ፤ ከዚያ የባትሪዎቹን ጫፎች ያጽዱ። ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ ባለው መኪና አራት ጫፎችና አንድ አገናኝ ሽቦ ስላሉ የሚዝገው ቦታ እጥፍ ነው።

ከ1967 በፊት የተሠራ መኪና ካለዎት ባትሪ ከመግጠምዎ በፊት ማሳው ፖዚቲቭ መሆን አለመሆኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። አንዳንዱ ባለቤት ስለቀየረው ዓመቱን አይቶ መወሰን አይቻልም፤ ተገልብጦ የተገጠመ ባትሪ ኦልተርኔተርንና ዘመናዊ ሬዲዮን በአንድ ቅጽበት ያቃጥላል።

ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ልተካው?

በመርሕ እቃወመው ዘንድ ምክንያት የለኝም። ማስተካከል አይፈልግም፣ አያልቅም፤ ሲበላሽ ግን መንገድ ላይ አይጠገንም። ከገጠሙ የወጣውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ከሦስት መፍቻ ጋር በከረጢት አድርገው ኮፈኑ ሥር ይዘው ይንዱ። ከ1974 በኋላ የተሠሩት ብዙዎቹ ባለ 6 ቮልት ቦቢና በመቀነሻ ሽቦ በኩል ስለሚጠቀሙ፣ የሚገዙት ዕቃ ለየትኛው ቦቢና እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የቫልቮላው ድምፅ ይሰማል። እንዴት ይስተካከላል?

የጥቂት ጠቅታ ድምፅ ጤናማ ነው፤ እንዲያውም ጨርሶ ድምፅ የሌለው ቫልቮላ ክፍተት አጥቶ ስለሚቃጠል ይበልጥ ያስፈራኛል። ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ስምንቱን ቫልቮላዎች ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ይቁጠሯቸው፤ ከዚያ ድምሩ 9 የሚሆነውን ጥንድ ይያዙ። 8ኛው ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ወርዶ ሲከፈት 1ኛውን ያስተካክላሉ፤ 6ኛው ሲከፈት 3ኛውን፣ 4ኛው ሲከፈት 5ኛውን፣ 7ኛው ሲከፈት 2ኛውን፤ ከዚያም 1ኛው ሲከፈት 8ኛውን እያሉ ይጨርሳሉ። ካንዴላዎቹን ካወጡ ሞተሩን በእጅ ማዞር ቀላል ይሆናል። መለኪያው ብረት ሲሳብ ቅቤ ውስጥ እንዳለ ቢላዋ ያዝ ማድረግ አለበት፤ ዳዶውን ሲያጠብቁ ክፍተቱ ስለሚንቀሳቀስ ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ።

ሁለቱን የኤስዩ ካርቡራተሮች ራሴ ማስተካከል እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ። ቫልቮላውና እሳቱ ሳይስተካከሉ ካርቡራተር መነካካት የበሽተኛውን ልብስ እንደ መቀየር ነው። ከካርቡራተር ነው ተብሎ ከሚመጣው ብልሽት ብዙው ከፑንቲና ሆኖ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ የካርቡራተሩን አናት ትንሿን ክዳን ፈትተው ዘይት መኖሩን ይዩ። ኤችኤስ4 በሚባለው የኤስዩ ካርቡራተር ዓይነት፣ ከፋብሪካው መመሪያ እንደሚነበበው፣ ዘይቱ ከባዶው የፒስተን ዘንግ ጫፍ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ዘይቱ ከሌለ ቤንዚን ድንገት ሲሰጡ ሞተሩ ያናንቃል። ቀጥሎ ሁለቱ እኩል አየር መሳባቸውን ያረጋግጡ፦ የአየር ማጣሪያዎቹን አውጥተው፣ የሁለቱን ማያያዣ ዘንግ አላልተው፣ የቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ በጆሮዎ ሌላውን በየካርቡራተሩ አፍ እያደረጉ የፉጨቱን ድምፅ ያነጻጽሩ። ለዚህ የተሠራ መለኪያ ይሸጣል፤ ጆሮ ግን ከሚታሰበው በላይ ትክክል ነው።

ድምፁ እኩል ሲሆን ወደ ቤንዚኑ መጠን ይሻገራሉ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ እየሠራ ሳለ የአንዱን ካርቡራተር ፒስተን 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያንሡ። ዙሩ ለቅጽበት ትንሽ ከፍ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። ከፍ ብሎ ከቀረ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ከወረደ ወይም ከጠፋ አንሷል። በኤችኤስ4 ከሥር ያለውን ባለ ስድስት ጎን ዳዶ አንድ ጎን ብቻ ወደ ታች ሲያዞሩት ቤንዚን ይጨምራል፣ ወደ ላይ ሲያዞሩት ይቀንሳል። አንድ ጎን አዙረው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ እንደገና ይፈትኑ።

ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታ ያለበት ቦታ የሚነዱ ከሆነ፣ በዴንቨር 1,600 ሜትር ወይም በአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ለንደን ላይ ልክ የነበረው ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል። መጠኑ መቀነስ አለበት፤ ወደ ቆላ ሲወርዱ ደግሞ መመለስ።

ቀስ ብዬ ስነዳ ይግላል። የሚፈላው ለምንድን ነው?

ጤናማ ኤምጂቢ በበጋም ቢሆን አይፈላም። ራዲያተሩን ለመቀየር ከመቸኮልዎ በፊት የካንዴላው እሳት ከሚገባው ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ የዘገየ እሳት ሞተርን ያግላል፣ ይህንን ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። ባለ 82 ዲግሪውን ቴርሞስታት በድስት ውኃ ውስጥ አፍልተው መከፈቱን ይዩ። ቺንጋውን በጣትዎ ይጫኑት። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የሞተሩ ብሎክ ራሱ በዝገት ዝቃጭ ተሞልቷል፤ ዝቃጩ የሚከማቸው ከኋላ፣ በአራተኛው ሲሊንደር ዙሪያ ነው። የብሎኩን ማፍሰሻ ሲከፍቱ ውኃ ካልወጣ በሽቦ ይቆርቁሩት፤ መጀመሪያ ጭቃ ይመጣል። ውኃው ያለ ምክንያት የሚጎድል፣ ከራዲያተሩም አረፋ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል።

ምን ዘይት ልጠቀም? መፍሰሱስ የተለመደ ነው?

ለሞተሩ 20ደብልዩ50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ነው፤ ለዘመናዊ መኪና የተሠራ እንደ ውኃ ቀጭን ዘይት ውድ ቢሆንም ለዚህ ሞተር አይስማማም። ካምቢዮውም የሚጠጣው ያንኑ የሞተር ዘይት ነው፤ ከልማድ ተነሥቶ የማርሽ ዘይት የሚሞላበት ሰው ብዙ ነውና ልብ ይበሉ። የኋላው ዲፈረንሻል ግን ኢፒ90 የተባለውን የማርሽ ዘይት ይፈልጋል። ሞተሩ ሞቆ ሲነዳ ግፊቱ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ፣ ቆሞ ሲሠራ ከ10 እስከ 25 ከሆነ ይተኙ።

መፍሰሱን በተመለከተ፣ ባለ ሦስት ብሮንዚናው ሞተር በኮሎው ኋላ እውነተኛ የዘይት መከላከያ (ሲል) የለውም፤ ዘይቱን የሚመልሰው በዘንጉ ላይ የተቀረጸ ጥምዝ መስመር ነውና ጥቂት ጠብታ የተፈጥሮው ነው። ባለ አምስቱ ግን ይህ ሲል ስላለው ሰበብ የለውም።

ፊት እግሩ ግሪስ ይፈልጋል?

አዎን፤ ይህ የሚዘነጋው ትልቁ ሥራ ነው። በየፊት ጎማው ከጀርባ መሪው የሚዞርበት ዘንግ ሦስት የግሪስ መርጫ ጫፎች አሉት፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ፣ አሮጌው እስኪወጣ ይረጫል። ያልተረጨ ዘንግ መሪውን እንደ ድንጋይ ያከብደዋል፤ ሲቀየርም ውድ ነው። የሽቦ ቸርኬ ያለው መኪና ከሆነ ቸርኬውን በዓመት አንድ ጊዜ አውጥተው ጥርሶቹን ግሪስ ይቀቡ። የመሐሉ ዳዶ በሁለቱም ጎን የሚፈታው ጎማው ወደ ፊት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ በተሳሳተ አቅጣጫ በመዶሻ የሚደበድቡትን አይቻለሁ።

የቤንዚኑ ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

በብሪታንያ እርሳስ ያለው ቤንዚን ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ስለቀረ፣ ቴስታታው ተፈትቶ ጠንካራ የቫልቮላ መቀመጫ ካልተገባበት በፍጥነት የሚነዳ ሰው መቀመጫው እንዳይበላ የሚከላከል ተጨማሪ ፈሳሽ ይቀላቅላል። ሌላው ኤታኖል ነው። ከመስከረም 2021 ወዲህ ተራው የብሪታንያ ቤንዚን ኢ10፣ ማለትም እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት፣ ነው፤ ኤታኖል አሮጌ ላስቲክ ያሟሟል፣ ውኃም ይስባል። ኢ5 የሆነውን ውዱን ይሙሉ፤ ቱቦዎቹን ግን ለማንኛውም ኤታኖል በሚችል ይቀይሯቸው።

ፍሬኑን ራሴ ብነካ ያስፈራል?

መፍራትዎ መልካም ነው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነው። ፔዳሉ ወደ ታች እየሰመጠ ከመጣ ብዙ ጊዜ የኋላው የፍሬን ሸራ ርቆ ነው፤ ከታምቡሩ ጀርባ ያለውን ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ጎማው እስኪይዝ አጥብቀው፣ በነፃ እስኪዞር አንድ ሁለት ጠቅታ ይመልሱት። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር አለበት። ዶት 4 ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ቀለም ስለሚልጥ ጠብታው ከወደቀ ወዲያው በውኃ ይታጠብ። የሞተር ዘይት አንዲት ጠብታ እንኳ በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ብትገባ በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች ሁሉ ታሳብጣለች።

ከሁሉ በላይ ምኑን ልፍራ?

ዝገቱን። ሞተሩ በሁለት ቅዳሜ ይወጣል፤ የበሰበሰ አካል ግን ከመኪናው ዋጋ በላይ ያስወጣል። ከበሮቹ ሥር ያለው ረጅም ሣጥን፣ በተለይ ጣሪያው ሸራ በሆነው መኪና ላይ፣ ጌጥ ሳይሆን አጥንት ነው። መኪናው እንደቆመ በሩን ከፍተው ይዝጉት፤ ከዚያ ከጎኑ ባለው የመነሻ ቦታ በክሪክ ጥቂት አንሥተው እንደገና ይሞክሩት። በሩ ከጠበበበት ወይም አልዘጋ ካለ መኪናው መሐሉ ላይ እየታጠፈ ነው፤ ከላይ ያለው አዲስ ቀለም አያታልልዎ።

ጭቃ የሚከማቸው በፊት ጎማዎቹ ቤት፣ ከበሩ ማጠፊያ ፊት ባለው ስውር ክፍል ነው፤ በየክረምቱ መጨረሻ በውኃ ይታጠብ። በበሩ ላስቲክ ሥር ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በሽቦ ይከፈቱ። በሩ ላይ ከትንሿ ሦስት ማዕዘን መስኮት ሥር የምትወጣ ስንጥቅ ግን ዝገት አይደለችም፤ የዚህ መኪና የቤተሰብ ምልክት ናት፤ አስደንጋጭ ሳትሆን ለመበየድ አስቸጋሪ ናት። ከ1988 ጀምሮ አዲስ ሙሉ አካል በመጀመሪያዎቹ የፋብሪካው የብረት ቅርጽ ማውጫዎች እንደገና መሠራት ስለጀመረ፣ ገንዘብ ላለው ሰው መኪናን ከቁልፉ በቀር በአዲስ መገንባት ይቻላል።

ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው መኪና ምርመራ የለበትም ይባላል። እውነት ነው?

በብሪታንያ ከ2018 ጀምሮ በመሠረቱ ያልተለወጠና አርባ ዓመት ያለፈው መኪና ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ነው። መኪናው ለመንገድ ብቁ እንዲሆን የማድረግ ግዴታ ግን ከባለቤቱ ላይ አልተነሣም። እኔ ግዴታ ባይኖርብኝም በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ከክረምት ማረፊያው ሳወጣው፣ ገንዘብ ከፍዬ አስመረምረዋለሁ፤ ባለፈው ጊዜ መርማሪው በኋላው የፍሬን ቱቦ ላይ ስንጥቅ አሳየኝ፤ እኔ በሥሩ ስተኛ ሁለት ጊዜ አልፌው ነበር።